አየር የሚያፈርሰው ዘለላ፦ ከሽምብራ እሸት ሥር እስከ ማዳበሪያ ገንዘብ

ታኅሣሥ ገብቷል፤ አራት ኪሎ ላይ ሽምብራ እሸት የሚሸጥበት ሰሞን ነው። ከሳይንስ ፋኩልቲው አጥር ብዙም ሳልርቅ አንዲት እናት እሸቱን ከነሥሩ በእስር በእስር አድርገው፣ ባዶ ማዳበሪያ አንጥፈው ደርድረውት አገኘኋቸው። ሁለት እስር ገዛሁና እዚያው ቆሜ ሥሩን ማገላበጥ ጀመርኩ።

«ልጄ፣ ፍሬው እኮ ላይ ነው። ሥሩ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ።

«እናቴ፣ እኔ የምፈልገው ሥሩ ላይ ያለችውን እባጭ ነው።»

አፈሩን በእጃቸው አራግፈው፣ ሥሩ ብዙም ያልተበጣጠሰውን መርጠው ሰጡኝ። «እሷማ መሬቱን ታሰባለች ይላሉ» አሉ።

ካፌ ገብቼ አንዷን እባጭ በጥፍሬ ሰነጠቅኳት። ውስጧ እንደ ድድ ሮዝ ነበር። ሌሎቹን ስከፍት ብዙዎቹ ቡናማ፣ አንዳንዶቹም ወደ አረንጓዴ ያደሉ ሆነው አገኘኋቸው። እሸቱ ከተነቀለ ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳያድር አልቀረም፤ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ደግሞ እባጮቹ በተፈጥሯቸው ያረጃሉ። ያቺ ሮዟም ብትሆን አየር ካገኛት በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ቀስ በቀስ ጠቆረች።

ይህን ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ቀናት በፊት ከአንድ ወዳጄ ጋር ስለ ማዳበሪያ ስንጫወት «ሳይንሱ እኮ ደርሷል፤ ነገ ራሱን በራሱ የሚያዳብር ጤፍ ያመጡልናል» ብሎኝ ነበር። በቀና ልብ የተናገረው ነው፤ ብዙ ሰውም እንደሱ ያስባል። እኔ ግን ይህ ተስፋ አንድ የሚያልፈው በር እንዳለና በሩም በጣም ጠባብ እንደሆነ ላስረዳው ፈልጌ በወሬ መካከል አልተሳካልኝም። በሩ ያለው ባክቴሪያ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ በሚለውጥባት በዚያች እባጭ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ በሚሠሩ ፕሮቲኖች እቅፍ ውስጥ የብረትና የድኝ አቶሞች ተጠላልፈው የሠሯቸው ዘለላዎች አሉ። አየር ሲነካቸው ይፈርሳሉ። እንዴት እንደሚፈርሱ የተረዳ ሰው የነገውን ጤፍ ተስፋ በልኩ ይመዝናል፤ ዛሬ በእጃችን ያለውን አማራጭም ሌላ ዋጋ ይሰጠዋል።

ስለ ዘለላው ልጀምር። አንዲት እጅግ ደቃቃ ሳጥን አስቡ፤ ስምንቱ ጥጎቿ ላይ ብረትና ድኝ እየተፈራረቁ ተቀምጠዋል፤ አራት ብረት፣ አራት ድኝ። እያንዳንዱን ብረት ከፕሮቲኑ ጋር የሚያስረው ብዙውን ጊዜ ሲስቴይን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው፤ ሲስቴይን ራሱ በጫፉ ድኝ አለው። ከዚህ ያነሰ፣ ሁለት ብረትና ሁለት ድኝ ብቻ ያለውም አለ፤ በናይትሮጅን ሥራ ላይ እንደምናየው ከዚህ በጣም የገዘፈም አለ። የሁሉም ዋና ሥራ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ማቀበል ነው። ብረት ኤሌክትሮን ለመስጠትም ለመቀበልም ስለማይቸገር፣ አራቱ ሲተባበሩ አንዷን ኤሌክትሮን ለጋራ ይይዟታል፤ ሸክሙ አንዱ ላይ ብቻ አይወድቅም። መልካቸው ቡናማ ነው። በእነዚህ ፕሮቲኖች የተሞላ ንጹሕ ፈሳሽ ጠቆር ያለ ሻይ ይመስላል። አሲድ ጠብ ቢልበት የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ድኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሆኖ ሲወጣ ነው።

እነዚህ ዘለላዎች ከሕይወት መሣሪያዎች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት ይመደባሉ። የተፈጠሩት በምድር አየር ውስጥ ኦክስጅን ከቁጥር በማይገባበት ዘመን ነው። ያኔ ብረትም ድኝም በውሃ ውስጥ እንደ ልብ ይገኙ ነበር። ዳሎልን በዓይኑ ያየ ኢትዮጵያዊ ብረትና ድኝ ከምድር ሆድ አብረው ሲወጡ ምን እንደሚመስሉ መገመት አይቸግረውም፤ ቢጫው ድኝ ነው፣ ቡናማውና ቀዩ ብረት። ከዛሬ 2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን ኦክስጅን በአየር ውስጥ መከማቸት ጀመረ። ዘለላዎቹን ይዞ የኖረው ሕይወት ሁሉ ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲመልስ ነው የኖረው፤ ይህን ነገር ከአየር የት እንደብቀው?

አሁን ወደ መፍረሱ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ኦክስጅን ኤሌክትሮን የተጠማ ሞለኪውል ነው። ኤሌክትሮን ለማቀበል ዝግጁ ሆኖ የተቀመጠ ዘለላ ሲያገኝ ይነጥቀዋል። የነጠቀው ኦክስጅን ራሱ ሱፐርኦክሳይድ ወደሚባል የባሰ ነገር ይለወጣል፤ ሱፐርኦክሳይዱም በተራው ሌላ ዘለላ ያጠቃል። ኤሌክትሮኗ የተወሰደባት ባለ አራት ብረቷ ሳጥን ደግሞ ሚዛኗን መጠበቅ ያቅታትና አንድ ብረት ትጥላለች። ሦስት ብረትና አራት ድኝ ይቀራል። አንዱ ጥግ የጎደላት ሳጥን ማለት ነው።

ይህ የመጀመሪያ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚመለስ ነው። ሲትሪክ አሲድን የሚያገላብጠው አኮኒቴዝ የተባለው ኢንዛይም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሰውም፣ በእርሾም፣ በባክቴሪያም ውስጥ ይገኛል። ከአራቱ ብረቶቹ ሦስቱ በሲስቴይን ሲታሰሩ አራተኛው ግን ያልታሰረ ነው፤ ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር የሚይዘው በዚህ ባልታሰረ ብረት ስለሆነ ማሰር አይቻልም። ሥራውን የሚያሠራው ክፍትነት ለጥቃትም ያጋልጠዋል። ሱፐርኦክሳይድ መጀመሪያ የሚያወጣው ይህንኑ ብረት ነው። ብረቱ ሲወጣ ኢንዛይሙ ይቆማል፤ ብረትና ኤሌክትሮን ሲመለሱለት ደግሞ እንደገና ይነሳል።

ጥቃቱ ከቀጠለ ግን ባለ ሦስቱ ወደ ባለ ሁለት ይወርዳል፤ ባለ ሁለቱም ይበተናል። ድኞቹ ራሳቸው ኦክሳይድ ይሆናሉ። አንዳንዶቹ ከሲስቴይኑ ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ ብረት ሲመለስ ለጥገና ያገለግላሉ። ቡናማው ፈሳሽ እየነጣ ይሄዳል። የወጣው ብረትም ዝም ብሎ አይቀመጥም። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ፌንተን እ.ኤ.አ. በ1894 እንደጻፈው፣ እንዲህ ያለ ብረት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲያገኝ ከባድ ኦክሳይድ አድራጊ ይሆናል። ዛሬ እንደምናውቀው በሴል ውስጥ የሚወለደው ሃይድሮክሲል የተባለው ቅንጣት ዲኤንኤን ሳይቀር ይበጥሳል። ስለዚህ የአንድ ዘለላ መፍረስ የአንድ ኢንዛይም መቆም ብቻ ሆኖ አያበቃም፤ የፈረሰው ቤት ምስማር ጎረቤቱን ይወጋል።

ሴሎች ግን ይህን ድክመት ወደ መልእክት ለውጠውታል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። በአንጀታችን የሚኖረው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ኤፍኤንአር የሚባል ፕሮቲን አለው። ኦክስጅን በሌለበት ባለ አራት ብረት ዘለላውን እንደያዘ ጥንድ ሆኖ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጥና ያለ አየር የመኖርን ሥራ ያዛል። ኦክስጅን ሲመጣ ዘለላው ወደ ባለ ሁለት ይፈርሳል፣ ጥንዱ ይለያያል፣ ትእዛዙም ይቆማል። በእኛም ሴሎች ውስጥ አንደኛው ዓይነት አኮኒቴዝ ዘለላውን ሲያጣ ሥራ ይቀይራል፤ ፌሪቲን የተባለው የብረት ማከማቻ እንዳይመረት ያግዳል፣ ብረት ወደ ሴል የሚያስገባው በር እንዲበዛ ደግሞ ያደርጋል። የብረት እጥረት የሚነበበው ዘለላው በመኖሩና ባለመኖሩ ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበቤ ሊጠይቀኝ ይችላል። ከተማችን ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ይሳሳል። ታዲያ እዚህ ዘለላው ይሻለው ይሆን? ለሰው ሳንባ ልዩነቱ የሚሰማ ነው፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ እንጦጦ ሲወጣ ያውቀዋል። ናይትሮጅን ለሚያስረው ዘለላ ግን ሩብ መቀነስ ምንም ማለት አይደለም። እሱ የሚፈልገው በሺዎች እጥፍ መቀነስ ነው።

ናይትሮጅን የሚያስረው፣ ማለትም የአየሩን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ የሚለውጠው ኢንዛይም ናይትሮጅኔዝ ይባላል። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ሁለቱ አቶሞቹ በሦስት ማሰሪያ ስለተቆራኙ እንስሳትም ተክሎችም እንዲሁ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ፋብሪካ ይህን ማሰሪያ የሚፈታው ከ400 እስከ 500 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀትና በከባድ ግፊት ነው። ባክቴሪያው ግን በአፈር ሙቀት ይፈታዋል። ይህን የሚያደርገው በሁለት ፕሮቲኖች ነው። አንደኛው የብረት ፕሮቲን የሚባለው ኤሌክትሮን አቀባይ ነው፤ እኩል የሆኑ ሁለት ግማሾች አሉትና ባለ አራት ብረት ዘለላውን መካከላቸው፣ ከውጭ ብዙም ሳይርቅ፣ ከእያንዳንዳቸው በሁለት ሁለት ሲስቴይን ይዘውታል። ሁለተኛው ትልቁ ፕሮቲን ስምንት ብረትና ሰባት ድኝ ያለው አንድ ዘለላ፣ ከዚያም ሥራው የሚፈጸምበትን ዋናውን ዘለላ ይዟል፤ ሰባት ብረት፣ ዘጠኝ ድኝ፣ አንድ ሞሊብዲነም፣ መሐሉ ላይ ደግሞ አንድ የካርቦን አቶም። የፕሮቲኑ ቅርጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ መሐሉ ያለው አቶም ካርቦን መሆኑ የተረጋገጠው ግን በ2011 ነው። አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ወደ አሞኒያ ለመለወጥ 8 ኤሌክትሮንና ቢያንስ 16 ኤቲፒ፣ ማለትም ሴል ኃይል የሚከፍልበት ሞለኪውል፣ ይጠይቃል።

እነዚህን ፕሮቲኖች ነጥሎ አየር ላይ ማውጣት ምን እንደሚያደርግ በቤተ ሙከራ ተለክቷል። የትልቁ ፕሮቲን ግማሽ አቅም በ10 ደቂቃ ገደማ ይጠፋል። የብረት ፕሮቲኑ ግማሽ አቅም ግን የሚቆየው 45 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። አንድ ማኪያቶ ታዝዞ እስኪመጣ የብረት ፕሮቲኑ ከሞላ ጎደል አልቋል ማለት ነው። እንደ አኮኒቴዝም አይመለስም፤ ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው ፕሮቲኑን እንደ አዲስ መሥራት አለበት።

አሁን ጥያቄው ይከብዳል። 16 ኤቲፒ የሚገኘው ከየት ነው? ባክቴሪያው በመተንፈስ፣ ማለትም ኦክስጅን በመጠቀም ነው የሚያገኘው። ኢንዛይሙን ኦክስጅን ይገድለዋል፤ ኢንዛይሙን የሚመግበው ኃይል ደግሞ ያለ ኦክስጅን አይገኝም።

የሽምብራዋ እባጭ የዚህ እንቆቅልሽ መልስ ናት። በእባጯ ውስጥ የሚኖረው ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ ነው። ጥራጥሬ ናይትሮጅንን ከአየር የሚያገኘው በእነዚህ እባጮች አማካይነት መሆኑን ጀርመናውያኑ ሄልሪገልና ቪልፋርት በ1880ዎቹ አሳይተዋል። ተክሉ በእባጯ ዙሪያ ጋዝ በቀላሉ የማያሳልፍ የሴል ግድግዳ ይሠራል። ውስጡን ደግሞ ሌግሄሞግሎቢን በተባለ ፕሮቲን ይሞላዋል፤ ያየሁት ሮዝ ቀለም የዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ጃፓናዊው ኩቦ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን አሳየ። ኦክስጅኑን ጥብቅ አድርጎ ይይዝና ለባክቴሪያው መተንፈሻ በጥቂት በጥቂቱ ያቀብላል፤ ነጻ ሆኖ የሚንሳፈፍ ኦክስጅን ግን አይተርፍም። በእባጯ ውስጥ ያለው ነጻ ኦክስጅን አየር ካገኘ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 ሺህ እጥፍ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተመራማሪዎች በአንድ የጥራጥሬ ዘመድ ተክል ላይ ሌግሄሞግሎቢኑ እንዳይመረት ሲያደርጉ እባጮቹ እንደተለመደው በቀሉ፤ ናይትሮጅን ማሰሩ ግን ቆመ፣ ተክሉም ናይትሮጅን ተራበ።

ካፌው ጠረጴዛ ላይ ሲጠቁር ያየሁት እንግዲህ ዘለላው ሳይሆን ጠባቂው ነበር። ዘለላዎቹ ቀለማቸው በዓይን ለማየት ከሌግሄሞግሎቢኑ አጠገብ ኢምንት ነው። ጠባቂው ሮዝነቱን ባጣበት ሰዓት ግን እነሱ ቀድመው አልቀዋል ማለት ይቻላል፤ ተክሉ ሲነቀልና ከቅጠል የሚወርደው ስኳር ሲቋረጥ ኦክስጅኑን የሚበላ ትንፋሽ ይደክማልና።

ያለ እባጭ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሌላ ዘዴ አላቸው። በአፈር ውስጥ ብቻውን የሚኖረው አዞቶባክተር በፍጥነት ስለሚተነፍስ ኦክስጅኑ ውስጥ ሳይደርስ ያልቃል። ድንገት ከአቅሙ በላይ ሲመጣበት ደግሞ ሼትና የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ይጠቀማል። ይህ ትንሽ ፕሮቲን ራሱ ባለ ሁለት ብረት ዘለላ አለው። ኦክስጅን ሲጨምር ቅርጹን ይቀይርና ሁለቱን የናይትሮጅኔዝ ፕሮቲኖች አጣብቆ ይቆልፋቸዋል፤ ሥራው ይቆማል፣ ዘለላዎቹ ግን ይተርፋሉ። ኦክስጅኑ ሲቀንስ ይለቃቸዋል። ይህ ቁልፍ ምን እንደሚመስል በዝርዝር ያሳዩ ሁለት ጥናቶች እ.ኤ.አ. በጥር 2025 «ኔቸር» ላይ ወጥተዋል። ስንት ዓመት ሲጠና የኖረ ፕሮቲን መሆኑን ሳስብ፣ በዚህ መስክ መልስ የሚመጣው ምን ያህል በዝግታ እንደሆነ ይገባኛል።

ስለዚህ ወደ ወዳጄ ጤፍ ልመለስ። በጤፍ ወይም በስንዴ ሴል ውስጥ ናይትሮጅኔዝን ለመትከል አንዱን ኢንዛይም ብቻ ማስገባት አይበቃም። ዘለላዎቹን የሚገጣጥሙ፣ ሞሊብዲነሙን የሚያስገቡ፣ ኤሌክትሮን የሚያቀብሉ ብዙ ረዳቶች ያስፈልጋሉ፤ በደንብ በተጠናው ባክቴሪያ ውስጥ የዚህ ሥራ ጂኖች 20 ያህል ናቸው። ከዚያ በላይ ግን የቦታ ጥያቄ አለ። ቅጠል ኦክስጅን የሚመረትበት ፋብሪካ ነው። ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የጣሉት የሴል ኃይል ማመንጫ በሆነውና ኦክስጅን በሚበላው ሚቶኮንድሪያ ላይ ነው፤ ማድሪድ ያለ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 በእርሾ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ የሚሠራ የብረት ፕሮቲን ማምረት ችሏል። ያ በ45 ሰከንድ ግማሽ አቅሙን የሚያጣው ፕሮቲን ነው፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን አንዱ ፕሮቲን፣ ያውም በእርሾ ውስጥ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ደግሞ ሌላ ተስፋ ተሰማ። በባሕር ውስጥ የሚኖር አንድ አልጌ ናይትሮጅን የሚያስር ባክቴሪያን ውጦ የራሱ የሰውነት ክፍል እንዳደረገው በ«ሳይንስ» መጽሔት ታተመ፤ ስሙንም ናይትሮፕላስት አሉት። ተፈጥሮ ይህን ማድረግ እንደምትችል ማየት ልብ ይሞላል። ነገር ግን ያ ባክቴሪያ በጉዞው ምን እንደጣለ ልብ በሉ። ዘመዶቹ ከብርሃን ኦክስጅን የሚያመርቱበትን ክፍል እሱ የለውም። ናይትሮጅን አሳሪ ለመሆን መጀመሪያ የኦክስጅን ምንጩን ከቤቱ ማስወጣት ነበረበት።

እኔ ይህ ምርምር ይቁም አልልም፤ ይልቁንም የእኛ ወጣት ተመራማሪዎች ቢገቡበት ደስ ይለኛል። የምለው አንድ ነገር ነው። ራሱን የሚያዳብር እህል በቅርብ ይደርሳል የሚል ሰው ሲመጣ «ዘለላውን ከአየር የምትደብቁት የት ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ለዚህ ግልጽ መልስ እስኪገኝ ድረስ የዚህን ክረምት የዘር ዕቅድ በእሱ ላይ ማንጠልጠል አይቻልም።

የዚህ ክረምት ነገር ደግሞ ማዳበሪያ ነው። ኢትዮጵያ ዩሪያና ኤንፒኤስ ከውጭ እየገዛች፣ በጅቡቲ ወደብ እያስገባች በውጭ ምንዛሪ ስትከፍል ኖራለች። ማዳበሪያ የሚለው ቃል ለከረጢቱ ራሱ ስም እስኪሆን ድረስ ኑሯችን ውስጥ ገብቷል፤ እኚያ እናት እሸታቸውን የደረደሩት እሱ ላይ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት፣ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ፋብሪካ ለመሥራት ተፈራርሟል። ፋብሪካው የሚያስፈልግ ይመስለኛል። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ለስንዴና ለበቆሎ ይህን የሚተካ ነገር ዛሬ የለንም። ቅር የሚለኝ ግን ክርክሩ ሁሉ በኩንታል ዩሪያ ተጀምሮ በኩንታል ዩሪያ ማለቁ ነው፤ ዘለላውን ከአየር የመደበቂያው ዘዴ ቀድሞውኑ ተፈትቶ ያለው በባቄላና በሽምብራ ማሳችን ላይ ሆኖ ሳለ።

ኢትዮጵያ በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በባቄላም ከዓለም ግንባር ቀደሞች ተርታ ትሰለፋለች። ባቄላ ሁኔታው ከተመቸው በአንድ ሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ሊያስር ይችላል። ይህ ሁሉ ለቀጣዩ ስንዴ ይቀራል ብዬ አላጋንንም። አብዛኛው ከፍሬው ጋር ወደ እህል በረንዳ ይሄዳል፤ ገለባውም ለከብት ይወሰዳል። ቢሆንም ባቄላው ራሱ ዩሪያ ሳይጠይቅ መብቀሉ፣ ከእሱ ቀጥሎ የተዘራ ገብስ ወይም ስንዴ መሻሉ ገበሬው ከማንም በፊት የሚያውቀው ነው። እህልና ጥራጥሬ ማፈራረቅ ለሱ አዲስ ትምህርት አይደለም።

አዲስ ሊሆን የሚችለው ዘለላውን መመገብ የሚለው ሐሳብ ነው። በሀገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ አሲዳማ እንደሆነ ይነገራል። በአሲዳማ አፈር አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳል፣ ራይዞቢየሙ ይደክማል፤ ብዙ ጊዜ የማይነሳው ሦስተኛው ጉዳት ደግሞ ሞሊብዲነም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ለተክሉ አለመድረሱ ነው። በዋናው ዘለላ ጫፍ ላይ ያለችው አንዷ አቶም ከሌለች ናይትሮጅኔዙ ቢገጣጠምም ጎዶሎ ነው። የሚያስፈልገው በሄክታር በግራም የሚቆጠር ነው። ኖራ ሲደረግበት ደግሞ አፈሩ ራሱ የያዘውን ሞሊብዲነም ይለቃል። ስለዚህ ለደጋው ባቄላ ኖራ ማለት አሲድ ማርከሻ ብቻ ሳይሆን ዘለላውን ማሟያም ነው። ሽምብራ በአብዛኛው የሚዘራው በኮትቻ፣ በጥቁሩ አፈር ላይ ስለሆነ ይህ ችግር ያንስበታል። ድኝም እንደዚሁ ለዘለላው ያስፈልጋል፤ ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስ ሲመጣ ስሙ ላይ የተጨመረችው የመጨረሻዋ ፊደል ድኝን የምትወክል ናት። ፎስፈረስ ደግሞ ለ16ቱ ኤቲፒ ያስፈልጋል። ሆሞሲትሬት የተባለችውን የዋናውን ዘለላ ተቀጽላ እንኳ ብዙዎቹ ራይዞቢየሞች ራሳቸው አይሠሩም፤ ከተክሉ እንደሚቀበሏት እ.ኤ.አ. በ2009 ታይቷል። በደንብ ያልበላ ተክል ባክቴሪያውን አያበላም።

ሌላው ስህተት ባቄላ ላይ ዩሪያ መጨመር ነው። ዩሪያው አፈር ውስጥ የሚለወጥበት ናይትሬት በሥሩ ዙሪያ ሲትረፈረፍ ተክሉ እባጭ ማፍራቱን ይቀንሳል፣ ያፈራውንም ያስረጃል። ስኳሩን ለባክቴሪያ ከመክፈል የተዘጋጀውን መውሰድ ይቀለዋል። ማሳው ሲታይ ለጊዜው ይለመልማል፤ ገበሬው ግን በገንዘቡ የገዛው ባክቴሪያው በነጻ ይሰጠው የነበረውን ነው።

ራይዞቢየሙን በተመለከተ፣ አፈሩ ውስጥ ለዘሩ የሚስማማው ዓይነት ሲጎድል ባክቴሪያውን የያዘ ሕያው ማዳበሪያ የሚባለው ከዘር ጋር ተለውሶ ይዘራል። ለአንድ ሄክታር ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃል። ከኩንታል ዩሪያ ጋር ሲነጻጸር ማጓጓዣው ከምንም አይቆጠርም። እኔ የማዳበሪያ ገንዘብ ድልድል ላይ ድምፅ ቢኖረኝ፣ ከዩሪያው ጥቂት ሳልቀንስ እንኳ፣ ለደጋው ኖራና ለሕያው ማዳበሪያ ራሱን የቻለ መስመር እጠይቅ ነበር፤ የዩሪያ ጭነት ተራ ደርሶት እስኪያልፍ የሚጠብቅ ትርፍ ዕቃ እንዳይሆን።

ይህ መስመር መሥራቱን ለማወቅም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ባቄላው አበባ ሲያወጣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከማሳው አምስት ስድስት ተክል ከነአፈሩ በአካፋ ያንሳ፤ መንቀል ሥሩን ይበጥሰዋል። እባጮቹን በጥፍሩ ይሰንጥቅ። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆኑ ጠባቂው በቦታው አለ፤ ዘለላዎቹም በሥራ ላይ ናቸው። በዚያ ዕድሜ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆኑ ሥራው ቆሟል። ነጭ ከሆኑና ካላደጉ ባክቴሪያው ገብቷል፣ ግን ናይትሮጅን አያስርም፤ ወይ ዓይነቱ አልተስማማም፣ ወይ ሞሊብዲነም ጎድሏል፣ ወይ አፈሩ ኖራ ይፈልጋል። እባጭ ከናካቴው ከሌለ ደግሞ የሕያው ማዳበሪያው ከረጢት መጋዘን ውስጥ ከየትኛው ጣሪያ ሥር፣ ለስንት ሳምንት፣ በምን ሙቀት ተቀምጦ እንደነበር ይጠየቅ። ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ነው፤ ቆርቆሮ ሥር ከዩሪያው ጋር ተደርድሮ ከከረመ ገበሬው እጅ ሲደርስ ሞቷል።